ከአቡጀዲው ማዶ

እስቲ ያን ሰው ተመልከቱት። መተማ ገበያ ዳር፣ ከትልቁ የኩመር ዛፍ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኮርቻ የሚሰፋውን። ወስፌው ቆዳው ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፤ ዓይኑ ግን ከወስፌው ላይ የለም። ፊት ለፊቱ ሁለት ጭነት አውራጆች ሊታገሉ ወገብ ለወገብ ይፈላለጋሉ፤ እሱ ገና ሳይያያዙ የሚወድቀውን ለይቶታል። ወስፌው ጣቱን ወጋው። ደሙን መጠጥ አድርጎ፣ ዓይኑን ከታጋዮቹ ሳይነቅል፣ መስፋቱን ቀጠለ።

አዛናው ይባላል። ሹም አይደለም፣ ሀብታም አይደለም፤ ተመልካች ነው። የሹማምንትን ዘር ማንዘር ቆጥሮ ብራና የሚያጣብብ ሞልቶ ሳለ፣ ስለ ተመልካች አንዲት መስመር የጫረ አለመኖሩ ያናድዳል። ተመልካች የሌለው ጨዋታ ምንድን ነው? ላብ ብቻ ነው።

ወጣት ሳለ ከወገራ ደጋ ለጥጥ ለቀማ ወርዶ በዚያው ቀረ። በገና ጨዋታ ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ ሲያባርር የባላጋራው ዱላ ጉልበቱን ሰበረውና መሮጥ ቀረ። መሮጥ ሲቀር ማየት ተተካ። ከዚያ ወዲህ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር በየዓመቱ ገና ሲገጥሙ ዳኛው እሱ ነበር። የመተማ ገና አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ በግራ እጅ የተመታች ሩር ብትገባም አትቆጠርም። ሁሉም በቀኝ ሲመታ ዱላው ወደ አንድ ወገን ይወናጨፋል፤ አንድ ግራኝ ከመሀል ከገባ ግን የጎረቤቱን ጥርስ ያረግፋል። ስለዚህ የዳኛው ሥራ እጅ ማየት ነው። አዛናው በዚያ አቧራና ጩኸት መሀል እጅ ለይቶ ሲፈርድ የተከራከረው አልነበረም። ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም፤ ይህችው ነበረችው።

ስለሚያየው ሁሉ አስተያየት አለው፤ ሳይጠይቁትም ይሰጣል። ከሁሉ ገና ይበልጣል፤ ተሳዳቢው ከተጫዋቹ እኩል የሚደክምበት ጨዋታ ሌላ የት አለ? ቀጥሎ ከድንበሩ ወዲያ ገላባት ላይ፣ በኢድ ቀን የሚሮጡት ግመሎች፤ ግመል ከሩቅ ሲሮጥ ያስቃል፣ ሲቀርብ ግን ሳቁን ያስውጣል ይላል። ትግል መልካም ነው፣ ክፋቱ ቶሎ ማለቁ ነው። ጉግስን አይወድም፤ ፈረሱ ይለፋል፣ ላዩ ላይ የተቀመጠው ይሞገሳል እያለ ኮርቻ ሊያሠሩ ለመጡት ባለፈረሶች በፊታቸው ይነግራቸዋል። እንዲያም ሆኖ ሥራ አላጣም።

ወዳጁ ኸሊፋ ባለሱቅ ነው። ቆዳና ጠፍር የሚያቀርብለት እሱ ነው፤ ሱቁም ከኩመሩ ትይዩ፣ አደባባዩን ተሻግሮ ነው። በኢድ ኸሊፋ አዛናውን ይዞ ገላባት ይሻገራል፤ በገና ደግሞ ከአዛናው ጀርባ ቆሞ ያያል። አንድ ዓመት አዛናውን ንዳድ ጥሎት የግመሉ ሩጫ ሲያመልጠው፣ ኸሊፋ ከአልጋው አጠገብ አንዴ እየተነሣ አንዴ እየተቀመጠ ሩጫውን ከዳር እስከ ዳር ነገረው። አዛናው ያንን ሩጫ ሲያወራ ዛሬም «አየሁት» ነው የሚል። በኸሊፋ ዓይን ማየት በራሱ ዓይን እንደ ማየት ነበር።

ጣልያን መተማን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ ሲኒማ የጫነ መኪና መጣ። ሊያስደስተን ብሎ አልነበረም፤ የሰው አገር ይዞ ሲያበቃ መርከቡንና ሠራዊቱን አሳይቶ አንገት ሊያስደፋ ነው። ኸዋጃው፣ የድንበር ሰው ነጩን ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራው፣ አደባባዩ መሀል ሁለት ግንድ አስተክሎ ሰፊ አቡጀዲ ወጠረ። መኪናው በኩመሩ በኩል ቆመ። ገበሬው በዚያው በኩል መሬት ላይ ተቀመጠ። ባለሱቆቹ ግን ምን ተዳቸው፣ አንገሬብ የሚሉትን የገመድ አልጋ በየደጃቸው አውጥተው ከአቡጀዲው ኋላ ጋደም አሉ፤ ሥዕሉ እንደሁ ጨርቁን አልፎ ይታያል። የአዛናው ሚስት አሰበችም ከኸሊፋ ሚስት ከዘሊካ ጋር በሱቁ በኩል ተቀመጠች። ከፊትም ታየ ከኋላ ያው ነው ያላለ ሰው አልነበረም።

ጀምበር ጠልቃ ብርሃኑ ሲፈነጥቅ አዛናው በኩመሩ በኩል ከሁሉ ፊት ነበር። አስተያየቱን እዚያው ጀመረ። የወታደሩን ሰልፍ አልወደደም፤ ይህን ሁሉ ተራምደው አንድ ሰው እንኳ አልተደናቀፈም አለ። ሰገነት ላይ ቆሞ ያለ ድምፅ የሚቆጣ ሹም ሲመጣ፣ ሚስቱ በር ዘግታበት ይሆናል ቢል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ የመኪናው ዘብ ጠመንጃውን አስጮኸና ዝም አሰኛቸው። የብስክሌቱን እሽቅድምድም ወደደው፤ ከፊተኛው ይልቅ የኋለኛው ያሳዝናል፣ እሱን ነው ማየት አለ።

በመጨረሻ በገመድ በታጠረ መደብ ላይ ሁለት ሰዎች እጃቸውን በቆዳ አሳብጠው በቡጢ ገጠሙ። አዛናው አሁን ወገቡን ቀና አድርጎ እጃቸውን ብቻ ተከተለ። አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር ነው። ብዙ ተቀማምሰው ሲያበቁ አጭሩ አንዴ ሰነዘረ፤ ረዥሙ እንደ ተቆረጠ ግንድ ተዘረረ።

በማግሥቱ ገበያው ሌላ ወሬ አልነበረውም። አዛናው ፍርዱን ሰጠ፤ አጭሩ የመታው በግራ ነው፣ በግራ የመታ ደግሞ አላሸነፈም። ኸሊፋ ጠፍር ሊያቀብል መጥቶ ይህን ሰማና ሳቀ።

«በቀኝ ነው እንጂ የመታው። እንቅልፍ ይዞህ ሄዶ ነበር?»

አዛናው ቀልድ መስሎት ነበር። ኸሊፋ ግን ወላሂ ብሎ ማለ። አዛናውም በጊዮርጊስ ማለ። ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር ጋር አንድ ሆኖ አዛናውን ደገፈ፤ ባለሱቁ ሁሉ ከኸሊፋ ጋር ቆመ። አንድ ሰው ብቻ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወዲያና ወዲህ ዞሮ ቢያይ ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ። ግን ማን ይነሣል? ለእኛ ሰው ከመነሣት መማል ይቀለዋል! በመጨረሻም አዛናው የማይባለውን አለ፦

«ዓይንህንም እንደ ቆዳህ ትሸጠዋለህ ማለት ነው።»

ኸሊፋ ጠፍሩን ከድንጋዩ አጠገብ አስቀምጦ አደባባዩን ተሻግሮ ሄደ።

ማታ አዛናው ለአሰበች ተቆጥቶ ሲነግራት እሷ አዳመጠችው። ኋላ እንጀራውን አቅርባ፣ ቢቆጡም ይቆጡ፣ እኔም ያየሁ በቀኝ ሲመታው ነው አለችው። አሰበች ለማስደሰትም ለማስከፋትም የማትዋሽ ሴት ናት። አዛናው እንጀራውን ገፋ አደረገው። ኸሊፋን ውሸታም ማለት ይቻላል፤ የገዛ ሚስቱንስ? እንግዲያ የደከመው የራሱ ዓይን ነው። ጧት አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ ለመርፌ ክር ሊያጎርስ ሞከረ፤ ገባለት። ሌላውን ጨፈነ፤ አሁንም ገባለት። አላመነውም።

ወሬ መቼም እግር አለው። የሰፈሩ ጎረምሶች ለገና ስድብ እየገጠሙ ነበርና የመጀመሪያዋ ለእሱ ደረሰች፦

ዳኛችን አዛናው መርፌ ይዞ ይስፋ፣
ግራና ቀኙማ ከዓይኑ ላይ ጠፋ።

በሌላ ዓመት ቢሆን ከእነሱ ጋር ይስቅ ነበር። ዘንድሮ ግን የላይ ሰፈር አለቃ ሰጠኝ ራሱ መጣ። ጎንበስ ብሎ፣ ቃሉን እየመረጠ፣ ዘንድሮ እንኳ ይተውት፣ ገብረማርያም ይዳኝ አለው። ገብረማርያም ለዳኝነት ሲቋምጥ የኖረ ሰው ነው። አዛናው ለመነ፤ ሰው ለምኖ አያውቅም። ኸዋጃው ከገና በፊት በዚሁ ይመለሳል ተብሏል፣ ያንኑ ሥዕል ዳግመኛ ልየው፣ ዓይኔ ከከዳኝ ራሴ እተወዋለሁ አለ። ሰጠኝ እሺ አለ፤ ያሳዝን ነበርና።

እስከዚያ አዛናው ጠፍር ከሌላ ሰው ገዛ። ጠፍሩ በየሦስት ስፌቱ ይበጠሳል። ኸሊፋም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያያል፤ አንድ ቀን ጠፍሩ ሲበጠስ አዛናው ቀና ቢል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ሁለቱም ወደ ሌላ ዞሩ።

መኪናው ተመለሰ። አቡጀዲው በዚያው በሁለቱ ግንዶች ላይ ተወጠረ። አዛናው ዓይኑን ሊፈትን ቢመጣም በልቡ ሌላ ጥርጣሬ ነበረው፤ ባለሱቆቹ ተማክረው አሰበችን አሳምነዋት እንደሆነስ? ከመካከላቸው ተቀምጦ በቀኝ ሲሉ ሊይዛቸው አሰበ። እያነከሰ አደባባዩን ተሻግሮ ኸሊፋን ከደጃፉ አጣው። ባለቤቱስ ብሎ ዘሊካን ጠየቃት።

«ወዳንተ ድንጋይ ሄዷል» አለች ዘሊካ፣ ሳቋን በሻሿ ሸፍና። «አዛናውን ከመንደሩ ሰው መሀል ሲዋሽ እይዘዋለሁ ብሎ።»

አዛናው ከኸሊፋ አንገሬብ ላይ ተቀመጠ። ሰልፉ አለፈ፣ ሹሙ ተቆጣ፣ ብስክሌቱ ሮጠ። ቡጢኞቹ መጡ። አጭሩ ሰነዘረ፤ በቀኝ ነበር። ጥርጥር የሌለው ቀኝ።  እንግዲህ ዳኝነቱ ቀረ፤ ወዳጁን ያለ ጥፋቱ አዋረደው። ረዥሙ ሰውዬ ገና መሬት ሳይነካ አዛናው ወደ ጨርቁ ማዶ ጠራ፦

«ኸሊፋ፣ በየትኛው እጁ መታው?»

 ከማዶ ሰዉ መንሾካሾክ ጀመረ።

«በግራው» አለ የኸሊፋ ድምፅ፣ ሰለል ብሎ። «አዛናው፣ እኔ እንጃ፤ በግራው ነው የመታው።»

አዛናው ተነሣ። በአቡጀዲው ጫፍ ቆሞ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አንገቱን አስገብቶ አየ። በኩመሩ በኩል የአሸናፊው ጥላ ግራ እጁን ያነሣል፤ በሱቁ በኩል ያው ጥላ፣ ያው እጅ፣ ቀኝ ሆኖ ይታያል። ሥዕሉን ከኋላው የሚያይ ሰው ቀኝና ግራው ተገልብጦ ነው የሚያይ። ኸሊፋ በወዲያኛው ጫፍ አንገቱን አስገብቶ ይህንኑ ያያል። በጨርቁ ወርድ ግራና ቀኝ ቆመው ተያዩና ሁለቱም ሳቁ፤ ዘቡ ቢጮህባቸው የባሰ ሳቁ። አንደኛቸውም ይቅርታ አላለም። ኸሊፋ በማግሥቱ ጧት ጠፍር ይዞ መጣ፤ አዛናውም ያን የሚበጠሰውን ጠፍር ለውሻ ወረወረ። ስለ አጭሩ ቡጢኛም የመጨረሻ አስተያየቱን ሰጠ፤ በግራ ነው የመታው፣ በኸዋጃ አገር ሕጉ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ የወደቀው ግን ወድቋል።

ሰጠኝ ዳኝነቱ የእርስዎው ነው ሊል ሲመጣ አዛናው አሻፈረኝ አለ። ከአንድ ወገን ቆሞ መፍረድ በቃው። የተጫዋች ጀርባ እጅ ሲጋርድበት ስንት ጊዜ በግምት ፈርዷል? ዘንድሮ እኔ በዚህ ዳር፣ ሌላ ሰው በወዲያኛው ዳር ይቁም አለ። ገብረማርያም ደስ ብሎት ነጠላውን አስተካከለ። አዛናው ግን የጠራው ስም የኸሊፋ ነበር።

«የጌታ ልደት ጨዋታ ነው እኮ» አለ ገብረማርያም። «እስላም እንዴት ብሎ ይዳኛል?»

«ሩሯን እንዲያያት እንጂ እንዲያስቀድስ መች ጠራሁት?»

ሰጠኝ ሳቀ። አለቃ ከሳቀ ደግሞ ነገር አለቀ።

በገና ዕለት ኸሊፋ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በታች ሰፈር በኩል ቆመ። እስከ ቀትር እጁን አላነሣም። ከዚያ የላይ ሰፈሩ ጀምበሩ ከመንጋው መሀል ሩሯን ፈልቅቆ አጮላት፤ ገባች። ላይ ሰፈር ዘለለ። ለአዛናው የታየው የጀምበሩ ሰፊ ጀርባ ብቻ ነበር። ቀና ብሎ ማዶ አየ። ኸሊፋ ግራ እጁን ከፍ አድርጎ ይዟል። ላይ ሰፈር የአዛናው ሰፈር ነው፤ ጀምበሩም የአክስቱ ልጅ። አዛናው ትንሽ እንኳ ሳያስብ ግራውን አነሣ። ሩሯ ተሻረች።

ያኔ ላይ ሰፈር በአንድ አፍ ወደ ኸሊፋ ዞረ፦

ኸሊፋ ባለሱቅ ምን አገባህ ሜዳ፣
ሄደህ አታደርቅም የፍየልህን ቆዳ።

በገና ቀን ጌታም ቢሰደብ አይቆጣም፤ የሚሰደበው ግን የሜዳው ሰው ነው። ስንት ዓመት ከአዛናው ጀርባ ቆሞ ሲያይ ለኸሊፋ አንዲት ስንኝ እንኳ የወረወረለት አልነበረም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላቸው። ማታ ግጥሟን ለዘሊካ ቃል በቃል አስጠናት፤ ስታሳስት እያረመ። አዛናውም ከዚያ በኋላ ያንን ገና ካየው ጨዋታ ሁሉ በላይ አደረገው፤ ላይ ሰፈር የተሸነፈበትን።

እንግዲህ አንባቢ፣ በአንተም ሰፈር ከሜዳው ውጭ ቆሞ ዓመት ዓመቱን ዝም ብሎ የሚያይ ጎረቤት አለህ፤ ሃይማኖቱ ስለተለየ ማንም ና ያላለው። ዘንድሮ ገና ሜዳ ስትወርድ፣ እባክህ፣ በእጁ ይዘህ አስገባው፤ ከዚያ እንደ ወንድምህ ቆጥረህ ሳትራራ ስድብ ግጠምበት።