አጎቴ የዘየረው ቤት

ሐጂ አወል አጎቴን ሰይድን በደለው። የበደለው በአንዲት ቃል ነው፤ ቃሏም የራሱ የአጎቴ ነበረች፤ ከአፉ ነጥቆ መልሶ ወረወረበት። ሐጂን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ይለኛል።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው መካ፣ ጀርወል፣ የወሎ ሰው የሞላበት አሮጌ ፎቅ ውስጥ ነበር። አጎቴ ሰይድ የእናቴ ወንድም ነው። ከጅዳ ወደብ በሚነሱ የጭነት መርከቦች ላይ ምግብ ያበስል ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ከባሕር ሲመለስ የእኛ ነው። የሥጋ ዘመዱ ያልሆነውም የሕንፃው ልጅ ሁሉ አጎቴ ነበር የሚለው። ከጅዳ ዓሣ ይዞ ይመጣል፤ ሙቀቱ እንዳያበላሽበት መንገድ ላይ ባሕራ ከተማ መኪና አስቁሞ በረዶ ይጨምርበታል። መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ ጣራው ላይ ከሰል ያቀጣጥላል፣ ያኔ አምፖሉን ያጠፋና ከመርከብ ያመጣትን ፋኖስ ይለኩሳል። በኤሌክትሪክ መብራት ወሬ አይመጣልኝም ይል ነበር። የዓሣው ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ከታች የመኪናው ጡሩምባ እየጮኸ፣ ከወዲያ የታላቁ መስጊድ የሐረም ሚናራዎች እያበሩ፣ እኛ ፍሙን ከበን አፋችንን ከፍተን እንሰማዋለን።

ስለ ዓሣ ነባሪ ያወራልን ነበር፤ ማዕበል ድስት ስለገለበጠባቸው ቀንም እንዲሁ። እኛ ግን ሁልጊዜ የምንለምነው የቬትናሙን ነበር።

ሩዝ ሊጭኑ ሄደው ነው። መርከባቸው ወንዙ ባሕር የሚገባበት ቦታ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ወንዙ ወዲያ ማዶው አይታይም፤ ሴቶች ጀልባ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይሸጣሉ። አጎቴ ጎመን ሊገዛ ወረደ። ከዚያ ሰዎች ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ አበባ ይዘው፣ በዘንባባው መሐል ሲሄዱ አየና ሰርግ መሰለው። ምግብ አብሳይ ሰርግ አይቶ ድስቱን ሳይከፍት አይመለስም፤ ተከተላቸው። አብሮት የነበረው የወደብ ሠራተኛ ባግዳድ ሠርቶ የተመለሰ ስለነበር የተሰባበረች ዐረብኛ ነበረችው። ሰርግ አይደለም፣ ወደ አጎታችን ቤት ነው የሚሄዱት አለው።

አጎቴ፣ የአንተ አጎት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው።

«የሁላችንም።»

እዚህ ጋ ሲደርስ አጎቴ ዓሣውን ቀስ ብሎ ያገላብጣል። ፍሙ ጢሱን ይተፋል፤ እኛ ደግሞ መተንፈስ እንረሳለን።

አጎት የሚሉት አገራቸውን ከባዕድ ገዥ ነፃ ያወጣውን መሪያቸውን ነበር። ንጉሥ አላሉትም፤ አባት እንኳ አላሉትም፤ አጎት። ሚስትም ልጅም አልነበረውም አሉ፣ እና አገር በሙሉ የእህት የወንድም ልጅ ሆነለት። ይህን ስሰማ ፋኖሷ አጠገብ ቁምጣውን ለብሶ የተቀመጠውን የራሴን አጎት አይና፣ የሆነ አገር እሱንም የሚጠብቀው ይመስለኝ ነበር።

ቤቱ ትንሽ ነው ይለናል። ከፊቱ ኩሬ አለ፣ ኩሬው ላይ ሰፋፊ ቅጠል ያለው አበባ ተንሳፍፏል። በሩ ላይ ሁሉም ጫማውን ያወልቃል፤ አጎቴም አወለቀ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰው በሹክሹክታ እንኳ አያወራም። እነሱ ከሰውየው ምስል ፊት ቀጫጭን የጭስ እንጨት ለኩሰው አጎነበሱ። አጎቴ ግን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። ቤቱን የምትጠብቀው አሮጊት አየችውና በወደብ ሠራተኛው በኩል፣ እንግዳ ቆሞ ማየት ይበቃዋል አለችው። ከዚያ በእጇ ወደ መስታወት ሳጥን መራችው።

ሳጥኑ ውስጥ የነበረው በረባሶ ነው። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ፣ ማሰሪያውም ጎማ የሆነ፣ የደሴ ገበያ የሚሸጠው ዓይነት በረባሶ። ያደረገው እሱ ነው አለችው፣ እንዲህ ያለ ጫማ አድርጎ ነው አገር የመራው። አጎቴ ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ለሐጅ ከወሎ ሲነሳ እስከ ባሕሩ በእግሩ የመጣው በበረባሶ ነበር፤ አንደኛው መንገድ ላይ ተበጥሶበት አባቱ በገመድ አስሮለታል። እና ባዶ እግሩን ቆሞ፣ የራሱ የቆዳ ጫማ ውጭ በር ላይ ተጥሎ፣ በረባሶ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ተቀምጦ አየ። ይህችን ሲነግረን ድምፁ ይቀጥናል። ጭሱ ነው ይለናል፤ እኛም ጭሱ ነው እንላለን።

አሮጊቷ የነገረችውን ደግሞ ቀስ ብሎ ነበር የሚያወጣው። ቤቱን የሠሩት የመንደሩ ገበሬዎች ናቸው፣ ያውም አውሮፕላን ከላያቸው ቦምብ እየጣለ። ወታደር መጥቶ አቃጠለባቸው፤ ከማሳቸው አፈር ተሸክመው መልሰው ሠሩት። ወንድሟ ያንን በር ሲጠብቅ ነው የሞተው። አጎት የሚሉት መሪም አንድ ቀን እንኳ እግሩ ያንን መንደር አልረገጠም። ከሩቅ ሆኖ ሊመጣላቸው ሲመኝ ሞተ፤ እነሱም ያልመጣውን እንግዳ ቤት ሠርተው ተቀበሉት።

«ዘየርኩት፣ ጫማዬን አደረግሁ፣ ጎመኔን ይዤ ተመለስኩ» ብሎ ነበር ሁልጊዜ የሚጨርሰው።

ነገሩ የመጣው ከዚህች «ዘየርኩት» ነው። ወሎ ውስጥ መዘየር ማለት ስለት ይዞ የሸህ ቀብር መሳለም ነው። አጎቴ ግን ዕድሜውን ከዐረብ ጋር የጨረሰ ሰው ነው፤ ለእሱ ሐኪም ቤት የተኛ ጓደኛ መጠየቅም ዚያራ ነው፣ ጎረቤት ብቅ ማለትም ዚያራ ነው። አንድ ምሽት ሐጂ አወል፣ ከታች ጨርቅ የሚሸጠው የአገራችን ሰው፣ የዓሣው ሽታ ጠርቶት ጣራ ወጣ። በላ፤ አጥንቱን ሳይቀር መጠጠ። ወሬው ሲያልቅ እጁን ጠረገና ተነሣ።

«መካ ተቀምጠህ የጣዖት ቤት ዘየርክ?»

አጎቴ አየሁት ማለቴ ነው፣ አላጎነበስኩም አለው። ሐጂ ግን ደረጃውን እየወረደ ነበር። በማግስቱ ሱቁ የገባ ሁሉ ከጨርቁ ጋር ወሬውን ይዞ ወጣ። እንዲህ ያለ ወሬ መካ ውስጥ ቀልድ አይደለም፤ ዋስ የሆነው ዐረብ፣ ከፊሉ፣ ጆሮ ቢደርስ የአጎቴ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማው፣ ያበቃለታል። እናቶች ልጆቻቸውን ጣራ ከለከሉ። ሰላምታውን የሚመልስለት ጠፋ። አጎቴ አንድ ሰሞን ብቻውን ፍም አቀጣጥሎ ጠበቀ፤ ከዚያ ፋኖሷን ለእኔ ሰጥቶኝ ጅዳ፣ ወደቡ አጠገብ፣ ማንም ወደማያውቀው ሰፈር ገባ። ከዚያ ወዲህ ወሬ ሲያወራ የሰማው የለም።

እኔ አማርኛ ያስተማረኝ የለም። ፊደሉን ሐጃጆች ጥለዋቸው ከሄዱ መጻሕፍት እያፈጠጥኩ ለቀምኩት። ስለ ብዙ ታላላቅ ቤቶች አንብቤአለሁ፤ ወርቁንም ዕብነ በረዱንም ሰምቻለሁ። እስካሁን ጸጉሬን የሚያቆመው ግን ያ የበረባሶ ቤት ነው። ያኔ የገረመኝ ጫማው ነበር፤ አሁን የሚገርመኝ ያልመጣን ሰው ቤት ሠርቶ መጠበቅ ነው።

አጎቴ በቅርቡ ጅዳ ሞተ። እኔም ሰደቃውን ጀርወል አደረግሁት፤ ያባረሩት ሰዎች በተባረረበት ቤት እጃቸውን አንስተው ዱዓ እንዲያደርጉለት ፈልጌ ነው። ወንዶቹ ሳሎን ተቀመጡ፣ እኛ ሴቶች ከመጋረጃ ወዲህ። ፋኖሷን መስኮቱ ላይ ለኮስኳት። ሐጂ አወል አርጅቷል፤ ዱዓ የሚያስደርገውም እሱ ነው። ሩዙ ሲበላ ልጁን ልትጠይቀው በዚያራ ቪዛ ከደሴ እንዳስመጣት፣ ቪዛውን ራሱ እንዳወጣላት ሲያወራ ቆየ። ሳህኑ ተነሣ፣ ሁሉም እጁን ዘረጋ። ሐጂ ግን እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ጉሮሮውን ጠረገ። ሟቹ ጣዖት ዘይሮ ነበር፣ ተጸጽቶ ተውበት ማድረጉን አላወቅንም፣ ምን ብዬ ዱዓ ላድርግ አለ። የተዘረጋው እጅ አንድ በአንድ ሲወርድ በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁ። አክስቴ ቀሚሴን ጎተተችኝ፤ አልሰማኋትም። ከተናገርኩ በኋላ መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቁን ሲያፍን ተሰማ፣ ከዚያ እጆቹ ተመለሱ፣ የሐጂም ከሁሉ ኋላ ተነሣ፤ አሚኑ እስከ ጣራው ሄደ። ያልኩት ይህንኑ ነው፦

«ሐጂ፣ ቅድም ልጄ በዚያራ መጣችልኝ አሉን። የማንን ጣዖት ልትሳለም ነው የመጣችው?»