የገለባው ጥጃ

ፍኖተ ሰላም ገበያ መሀል ጨው የተነሰነሰበት እርጥብ ቆዳ ሸተተኝና ቆምሁ። ጅጋ አጠገብ ያለው የልጅነት ቤታችን ፊቴ ድቅን አለ።

ታናሽ ወንድሜ በተወለደ በሳምንቱ ሞተ። ክርስትና ስላልተነሳ ለቅሶ እንኳን አልተቀመጥንለትም። እናቴ ከመደቧ አልነሳም አለች። በዚያው ሰሞን የላማችን የቦራ ጥጃ ሞተና እሷም አልታለብም አለች። አባቴ የጥጃውን ቆዳ ገፍፎ ገለባ ሞላበትና ፊቷ አቆመላት። ቦራ ደጋግማ አሸተተችው። ከዚያ ትልሰው ጀመር፤ ወተቷም ወረደ።

ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ወደ እናቴ መደብ ዞሩ።

"አየሽ አንች? ከብት እንኳን ተጽናናች! ከላም ታንሻለሽ? ለእግዜር ሥራ እንቢ አይባልም፤ ተነሽ!"

እናቴ ቀና አለች። የቀሚሷ ደረት ግራና ቀኙ ርሷል። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

"አልተጽናናችም፣ እትዬ" አለች ቀስ ብላ። "ልጇ እንዳልሆነ ታውቃለች። መላሱን መተው አቅቷት ነው።"

ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ማለቢያውን ከአባቴ እጅ ተቀብላ፣ ግንባሯን ከቦራ ጎን አስደግፋ፣ እያለቀሰች አለበች።

በኋላ ሥራ ስይዝ እናቴን ፍኖተ ሰላም አምጥቻት አብራኝ ትኖር ነበር። ከቀበርናት ወራት አልፈዋል። ዛሬ ከገበያ ስመለስ የክፍሏን በር አንኳኳሁ። ማንም እንደሌለ እያወቅሁ፣ "ግቢ" እስክትለኝ ቆሜ ጠበቅሁ።