አንድ ግብ ለአራት ሴቶች

እትዬን ከሥራቸው ያባረራቸው ሰው የለም። አለቃችን ደጋግሞ እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ዋሸ ማለት አልችልም። በገዛ ፈቃዳቸው ነው የሄዱት። እኔ ግን የማሸጊያው መስመር ኃላፊ ነበርሁና ያ ፈቃድ ከየት እንደ መጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

የምንሠራው እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ኪርያት አርዬ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ የእጅና የፊት ቅባት የሚያሽግ ፋብሪካ ነበር። በእኛ መስመር ላይ አራት ሴቶች ነን። አንዷ ከሩሲያ የመጣች፣ ሱፍ እየቆረጠመች ከማንም ጋር ሳታወራ የምትውል ሴት ናት። አንዷ እትዬ ናቸው። እትዬ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ከጎንደር ስንመጣ ከእናቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው የመጡ፣ እናቴ ከሞተች በኋላም በሰርጌ ቀን በእሷ ወንበር ላይ የተቀመጡልኝ ሰው ናቸው። ሌላዋ የእትዬ ልጅ ሚስት ናት። ፋብሪካው ያስገቧት እትዬ ራሳቸው ነበሩ። የቀድሞውን አለቃ ቢሮው ደጃፍ ቆመው እየጠበቁ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ቢለምኑት፣ ሰውዬው ሲሰለቸው እሺ አላቸው። አራተኛዋ እኔ ነኝ።

የእትዬ ሥራ ቅባቱን ከማብራሪያ ወረቀቱ ጋር ትንሿ ካርቶን ውስጥ መክተት ነበር። ፈጣን አልነበሩም። ፔታህ ቲክቫ ከገቡ ጀምሮ ብዙ ዓመት የፎቅ ደረጃ በበረኪና ሲያጥቡ ኖረው የጣታቸው አንጓ አብጧል፤ ብርድ ሲመጣ ጭራሽ አይታጠፍም። ግትርም ነበሩ። ወረቀቱን ጥቂት ጠምዘዝ አድርገው ቢከቱት እንደሚቀላቸው ስንት ጊዜ አሳየኋቸው፣ አልሰሙኝም። ቢሆንም ሥራው ይሄድ ነበር። ካርቶኑ ሲከመርባቸው ሩሲያዊቷ ፊቷን ሳታዞር እጇን ትዘረጋና ከፊታቸው ጥቂቱን ታነሣላቸዋለች። ማንም ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ከዚያ አዲሱ አለቃ መጣ። ወጣት ነው፤ እዚያው ሰፈር ካሉት የመስታወት ሕንፃዎች በአንዱ ሠርቶ ነው የመጣው። አይጮህም። ሲሰበስበን ሁልጊዜ ጣፋጭ ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያው ስብሰባ፣ እስካሁን ሁላችሁም ለየራሳችሁ ስትሠሩ ነበር፣ ከእንግዲህ ግን አንድ መስመር አንድ ግብ ይኖረዋል አለን። የእያንዳንዷ ሴት የግል ግብ ከመስመሩ ግብ ጋር መግጠም አለበት፤ የመስመሩ ግብ ደግሞ ከፋብሪካው ግብ ጋር። አንዷ ከጎደለች ሁሉም ጎደለ ማለት ነው።

ግብ በዕብራይስጥ «ያዓድ» ነው። እጅ ደግሞ «ያድ»። እትዬ የሰሙት እጅ የሚለውን ነው። ሰውዬው ደጋግሞ ሲጠራው እጃችንን ሊያይ የፈለገ መሰላቸውና ሁለቱንም መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉለት። ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ወሬው ግን አሥቆታልና ለሌሎቹ መስመሮችም ነገራቸው። በማግስቱ እትዬ ምሳ ሊበሉ ሲገቡ በየጠረጴዛው ያሉት ሴቶች መዳፋቸውን እየዘረጉ ጠበቋቸው። እሳቸው ሰላምታ መስሏቸው ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ አለፉ።

ግቡን እኔ አልሰጣችሁም፣ ራሳችሁ ተናገሩ ነበር አለቃው ያለን። እኔ በቀን ከምናወጣው ትንሽ ከፍ ያለ ተናገርሁ። የእትዬ ምራት ከእኔ አፍ ነጥቃ እጅግ የሚበልጥ ጠራች። አለቃው ዓይኑ በራ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የምፈልገው አለና የእሷን ጻፈ። አይቻልም አልሁት። በቡድንሽ አታምኚም ማለት ነው? ሲል ጠየቀኝ። ባልደረቦቼ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ግቡን ከመታን አራታችንንም ከነባሎቻችን ጥብርያዶስ ሆቴል ለዓርብና ቅዳሜ እንደሚወስደን ቃል ገባ። ከመስመሩም በላይ አንድ ስክሪን ሰቀለ። ስንደርስበት አረንጓዴ ይሆናል፣ ስንዘገይ ቀይ።

ስክሪኑ ከተሰቀለ ወዲህ ሩሲያዊቷ እጇን መዘርጋት ተወች። የራሷም ሥራ ይቆጠር ነበርና አልፈረድሁባትም። ካርቶኑ እትዬ ፊት ይከመራል፣ ስክሪኑ ይቀላል፣ ምራታቸው ከዳር ሆና «ያላ፣ እናቴ፣ ያላ» ትላለች፤ ቶሎ ይበሉ ማለቷ ነው። በመጀመሪያ እየሳቀች ነበር። በኋላ ሳቁ ቀረ፣ «እናቴ» የሚለውም ቀረ፣ «ያላ» ብቻ ቀረ።

አንድ ቀን እትዬ ከንፈራቸው ደርቆ አየሁና ውሃ ሰጠኋቸው። እንቢ አሉኝ። ምራታቸው ከቤት ሲወጡ ጀምሮ ውሃ እንዳይጠጡ መክራቸዋለች፤ ሽንት ቤት ሲሄዱ መስመሩ ይቆማል። ይህን ሲነግሩኝ አላዘኑም። «እውነቷን ነው፤ ደርሼ ስመለስ ቀይ ሆኖ ነው የማገኘው» አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላቸው ጀመር። ትኩሳት ይዟቸው፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው እየተንቀጠቀጡ ይመጣሉ። ወደ ቤት ይሂዱ ብል አይሰሙኝም። የልጃቸው ሚስት ጥብርያዶስ ልትሄድ ስትል እሳቸው እንዴት ያስቀሯት?

ለልጃቸው ደወልሁለት። እዚህ የተወለደ ልጅ ነው፤ በአማርኛ ስነግረው በዕብራይስጥ ይመልስልኛል። እናቱ እንደታመሙ፣ ሚስቱም ውሃ እንደምትከለክላቸው ነገርሁት። እሱ የሚፈልገው በቤቱ ሰላም ብቻ እንደሆነ፣ የሥራ ነገር በሥራ ቦታ ቢያልቅ እንደሚሻል ነግሮኝ ዘጋው።

አለቃውም ዘንድ ገባሁ። ግቡን ዝቅ አድርገው አልሁት። አዳመጠኝ፤ ማዳመጥ ይችልበታል። ከዚያ፣ ግቡን እኔ አላወጣሁትም፣ እናንተ ናችሁ ያወጣችሁት፣ እኔ ያደረግሁት ማስተካከል ብቻ ነው አለኝ። ችግር ካለም ቡድኑ ራሱ ይፍታው አለ።

እንደተባለውም ሆነ። በወሩ መጨረሻ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበንና ጣፋጩን መሃል ላይ አስቀመጠ። ዛሬ ስለ ሰው አንናገርም፣ ስለ እንቅፋት ብቻ ነው የምንናገረው አለ። ከግባችን የሚያርቀን ምንድን ነው? በየተራ ተናገሩ። ሩሲያዊቷ ማሽኑ ይቆማል አለች፤ ጻፈው። እኔ እንቅፋቱ ግቡ ራሱ ነው አልሁ፤ አልጻፈውም። የእትዬ ምራት ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሣ በዕብራይስጥ ተናገረች።

«እንቅፋቱ የባሌ እናት ናት።»

እትዬ ፈገግ እንዳሉ ነበር። ዕብራይስጡ ፈጥኖባቸዋል፤ ደግሞ ልጃቸው ያገባት ሴት ስትናገር ፈገግ ማለት ልማዳቸው ነው። አለቃው፣ እኛ ቡድን ነን፣ ከጀርባ አንነጋገርም፣ ተርጉሚላት አለኝ። ይህን በአፌ አላወጣውም አልሁት። ተርጉሚ ብሎ ደገመልኝ፤ እንቢ አልሁ። ወደ ምራታቸው ዞረ። እሷም ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ጨዋ ያሳደጋት ልጅ እንደምታደርገው አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በአክብሮት ነገረቻቸው።

«እናቴ፣ አይቆጡኝ። ወደ ኋላ የሚጎትቱን አንቱ ነዎት።»

ያን ጊዜ ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ሁሉም እንዲህ ይላል? ብለው ጠየቁ። ምራታቸው ጥያቄውን ለአለቃው አደረሰችለት። ጥሩ ጥያቄ ነው አለ፤ በዚህ የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ። ምራታቸው አወጣች። ሩሲያዊቷ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሱን አየችና አወጣች። እኔ እጄን ከጠረጴዛው በታች ጭምቅ አድርጌ ይዤ ተቀመጥሁ። እትዬ ዙሪያውን ሲመለከቱ ቆዩና የራሳቸውንም እጅ እስከ ትከሻቸው ድረስ አነሡ።

አለቃው ያልገባቸው መስሎት አስረጃት አለኝ። ከእኔ ቀድመው መለሱ።

«ገብቶኛል በዪው። ግባችን አንድ ነው ብሎናል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።»

ተረጎምሁለት። ይህን ተርጉሚ ብሎ አለቃው አላዘዘኝም፤ ሰምቶ የሚያፍር መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ልቡ ተነካ። ቡድን ማለት ይህ ነው አለና ጣፋጩን ወደ እትዬ አስጠጋላቸው። አንዱን አንሥተው በሉ። ሰው ያቀረበውን እንቢ ማለት አያውቁም ነበር።

ከሰንበት በኋላ እትዬ ወደ ሥራ አልመጡም። እኔንም አለቃው በዚያው ሳምንት መጋዘን አወረደኝ፤ የእኔ ግብ ከቡድኑ ግብ ጋር እንደማይገጥም በትሕትና አስረዳኝ። የመስመሩ ኃላፊ የእትዬ ምራት ሆነች። በእትዬ ቦታ እጇ እንደ ወፍ የሚበር ልጅ መጣች፤ እኔም ከመጋዘኑ መስኮት አሻግሬ ስመለከት ስክሪኑ ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ሆቴሉን አገኙ። እዚያው ሳሉ ደግሞ አለቃው ግቡን ከፍ አደረገው። ይህም አዲስ ስብሰባ ጠርቶ፣ ራሳቸውን ጠይቆ ነው።

ጥብርያዶስ በሄዱበት ቅዳሜ እትዬን ልጠይቅ ራማት ቬርበር ሰፈር ወደ ልጃቸው ቤት ሄድሁ። የልጅ ልጆቻቸውን የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ትንሹ ያለቅሳል፣ ትልቋ ቴሌቪዥኑን አስጩኻ ትመለከታለች። እትዬ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩኝ። ምራታቸው ነጭ የሆቴል ካባ ለብሳ፣ ሩሲያዊቷም አጠገቧ ሆና፣ አለቃው በሁለቱ መካከል ብርጭቆ አንሥቶ ይስቃል። ልጃቸው ከኋላ ሆኖ አውራ ጣቱን አሳይቷል። ቆንጆ ቦታ ነው አሉኝ፤ ውሃው ከመስኮቱ ይታያል ብላ ጽፋልኛለች፣ ልጅቱ አነበበችልኝ።

አልተናደዱም። አለመናደዳቸው ነው ያናደደኝ። ይቆጡ፣ ይርገሙ፣ ያልቅሱ ልላቸው ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። በእኔ ወንበር ላይ ማን ተቀመጠ? አሉኝ። አንዲት ወጣት ልጅ መጣች፣ ግን ወንበሩን አንሥተውታል፣ ቆመው ሲሠሩ ይፈጥናል ተብሎ ነው አልኋቸው። ጉልበቷ ይችላል? አሉ። እስካሁን ችላለች አልሁ።

ባልና ሚስቱ እዚያው እያለሁ ገቡ። ምራታቸው ከሆቴሉ የያዘቻትን ትንሽ ሳሙና ለእትዬ ሰጠቻቸው፤ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። ጫማዋን ሳታወልቅ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ፈረቃዋ ገና ጎሕ ሳይቀድ እንደሚጀምር፣ አዲሱ ግብ ያለዚያ እንደማይደረስ ነገረቻቸው። ስለዚህ እትዬ ከእንግዲህ እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ያድራሉ፤ ልጆቹን ቀስቅሰው፣ አልብሰው፣ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፤ ከሰዓት በኋላም ያመጧቸዋል። ሶፋው እንደሚዘረጋ አሳየቻቸው። ሁሉንም አስባበታለች። ልጃቸው ሻንጣውን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ገባ።

እትዬ ሳሙናውን አሸተቱ።

«በሰደር፣ እሺ» አሉ።

እኔም ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።