ሆራስና አርባ አንዱ ሟቾች

ሆራስ በርትዊስል ኳስ አይወድም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የክሎውዴል ሮቨርስን ሜዳ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ኳስ አይወድም ቢባል ማን ያምናል? እኔ ግን ከሜዳው ዳር ሻይና፣ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር ፓይ ከምሸጥባት የቆርቆሮ ቤት ሆኜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አይቼዋለሁ። እሱ የሚወደው ሣር ነው። ተጫዋቾቹን «ሃያ ሁለቱ ፈረሶች» ይላቸዋል። ጎል ሲገባ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ሰማይ ሲያነሳ፣ እሱ አጎንብሶ ያገባው ልጅ ተንሸራትቶ የቀደደውን መሬት ያያል።

«ገባ እኮ ሆራስ!» እለዋለሁ።

«ገባ። ማን ይደፍነዋል?» ይለኛል።

ይህ ሰው አርባ አንድ ቤተሰብ ዋሽቷል። ከአርባ አንዱ አንዷ እኔ ነኝ።

በኛ ከተማ ሰው ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ሬሳው ይቃጠልና አመዱ በዕቃ ተደርጎ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ሌላው አገር አመዱን ባሕር ላይ በትኑልኝ ይላል፣ ተራራ ላይ ይላል። የክሎውዴል ወንድ «ሜዳው ላይ» ብሎ ተናዞ ይሞታል። ያውም ቦታ መርጦ! አንዱ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቧ ላይ፣ አንዱ ማዕዘኑ ጋ። የኔው ባል ሲድኒ የግራው የጎል ቋሚ ሥር በትኑኝ አለ። በልጅነቱ በዚያ ቋሚ ሥር አንድ ኳስ ሲገባ አይቶ ነበር። ስለዚያች ኳስ ያወራውን ሲሶ እንኳ ስለ ሠርጋችን አላወራም።

ክለቡም ለቀስተኛ መመለስ ስለሚያሳፍረው እሺ ይላል። ቄሱ ይጸልያል፣ አመዱ ይበተናል፣ ሆራስ ቆቡን አውልቆ ዳር ይቆማል። ለቀስተኞቹ የማያውቁት ነገር ቢኖር፣ የሰው አመድ ሣር ይገድላል። በሳምንቱ ሟቹ ያለበት ቦታ ብል እንደበላው ካፖርት ይመለጣል። አንድ ጊዜ በረኛችን ኳስ ሊይዝ ተወርውሮ ፊቱ አመድ ለብሶ ሲነሳ፣ ከኋላው የቆመ አንድ ሰው «ቀስ በል እንጂ፣ አጎቴ ናቸው!» ብሎ ጮኸበት።

ስለዚህ ሆራስ ቤተሰቡ እንባውን ጠርጎ በሄደ ማግስት፣ በማለዳ፣ ሟቹን በመጥረጊያና በአካፋ ያነሳዋል። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አድርጓል። እኔ የደረስኩበት ክለባችን ታሪክ በሠራበት ዓመት ነው።

ያን ዓመት እስከ ገና ድረስ የአራተኛው ዲቪዚዮን ጭራ ነበርን። ከአራተኛው በታች ደግሞ ምንም የለም። አሰልጣኙ መክፋይል የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። ሲናደድ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ በእጁ ይይዝና ይሳደባል፤ ያን ዓመት ጥርሱን አፉ ውስጥ ያየነው ጥቂት ነው። በየካቲት የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ መቱና መብራት ጠፋ። ጨዋታው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በፀሐይ ብርሃን ሆነ። የከተማው የፍራሽ ፋብሪካ ስለተዘጋ ሥራ የፈታው ሁሉ መጣ።

ከነዚያ ማክሰኞዎች በአንዱ በእረፍት ሰዓት ሁለት ለባዶ እየተመራን ነበር። ልጆቹ አሳዘኑኝና የሩባርብ ፓይ ወሰድኩላቸው። ሩባርብ በየጓሮው የሚበቅል፣ ቀይ አገዳው ስኳር ካልበዛበት አፍ የሚያጣምም ተክል ነው። ሦስት ለሁለት አሸነፉ። መክፋይል እየሮጠ መጣ፤ ጥርሱ በቦታው ነበር።

«ኔሊ፣ ምንድን ነው የሰጠሻቸው?»

«ሩባርብ።»

«ሌላ ነገር ብትሰጫቸው እገልሻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ በየጨዋታው ሩባርብ ሆነ። እነሱም ማሸነፍ ቀጠሉ።

ሩባርቡን የማመጣው ከሆራስ መደብ ነው። ውኃ ከሚሞቅበት ከቦይለሩ ቤት ጀርባ፣ ከኔና ከሱ በቀር ሰው በማይደርስበት ቦታ፣ በፈረስ ፋንድያ አሳምሮ ይተክለዋል። በብርዱ ወራት ቶሎ እንዲደርስ አሮጌ ባልዲ ይደፋበታል። በያንዳንዱ ሥር ጽሑፍ ያለበት ትንሽ እንጨት ተተክሏል። የዘሩ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። ያኔ ማንበብ አልችልም፤ አለመቻሌን ደግሞ ከሲድኒ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሆራስ ልቆርጥ ስሄድ ይቁነጠነጣል። «አታብዢ ኔሊ፣ አታብዢ።» ፓዩን ደግሞ በአፉ አያዞርም። «ሆዴ አይስማማውም» ይላል። ስስት መስሎኝ ሳማው ከረምኩ።

በመጋቢት አቶ ክሌግ ሞቱ። አመዳቸው መሐል ሜዳ፣ ኳስ የሚጀመርበት ነጥብ ላይ ተበተነ። ሚስታቸው ወይዘሮ ክሌግ የሰማንያ ሁለት ዓመት አሮጊት ናቸው፤ ጆሯቸው ድንጋይ ነው። በማግስቱ ምድጃ ላቀጣጥል በማለዳ ስሄድ ሆራስ መሐል ሜዳ ተንበርክኮ አየሁት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየጠረግሁ።»

«አቶ ክሌግን?»

አካፋውን በእጁ ጋረደ።

«ሲድኒስ?» አልኩት። ከዚያች ቋሚ ሥር በየማታው ቆሜ የቤቱን ወሬ ሁሉ ለሲድኒ አወራለሁ እኮ። ሆራስም አራት ዓመት ሙሉ ሳወራ አይቶኛል።

መጥረጊያውን አስቀመጠና ከቦይለሩ ቤት ጀርባ ወሰደኝ። አንዱን እንጨት አሳየኝ።

«አንብቢው።»

«አንተ አንብብልኝ።»

«መነጽርሽን ረሳሽ?»

«መነጽር የለኝም ሆራስ። ፊደልም የለኝም።»

ቆቡን አውልቆ እንደ ቄስ አነበበው፦ «ሲድኒ ሾ። ግራ ቋሚ። መስከረም ሦስት።»

ከዚያው ሥር ነበር ስቆርጥ የከረምኩት። «ይሄ እኮ ወፍራሙ ነው» አልኩ።

«ሲድኒ ነው» አለ።

ባልዲ አንስቼ ወረወርኩበት። አልሸሸም፤ ትከሻውን አገኘው።

«ቆሻሻ ላይ ልደፋቸው እችል ነበር» አለ ትከሻውን እያሸ። «አንዱንም አልደፋሁም። ሁሉም ከነስማቸው አሉ።»

«መንገርም ትችል ነበር!»

«ስንት ቀን በራቸው ድረስ ሄጃለሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ሻይ ያቀርቡልኛል። አባታችንን አደራ ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

«ከታወቀብህስ?»

«ሥራው የክለቡ ነው። የምተኛበት ቤት የክለቡ ነው። ከተማው የነሱ ነው።»

ለማንም አልተናገርኩም። ፓዩ ግን አስጨነቀኝ። በሚቀጥለው ጨዋታ የፖም ፓይ ሠራሁ። አራት ለባዶ ተሸነፉ። መክፋይል ጥርሱን ይዞ መጣ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቢላዋዬን ይዤ ወደ መደቡ ተመለስኩ። «ሲድኒ፣ ለክለቡ ነው» ብዬ ቆረጥኩ። ለክለቡ ከተባለ እምቢ የሚል ሰው አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ የክለቡ ሊቀመንበር፣ የፍራሽ ፋብሪካው ባለቤት አቶ ሆልሮይድ፣ አዋጅ አወጁ። ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ካደግን ሜዳው ይቆፈርና የውኃ መውረጃ ይገባለታል። ስለዚህ ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ፣ ሟች ያለው ቤተሰብ ሁሉ ሟቹ ካለበት ቦታ ሣሩን ከነአፈሩ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይውሰድ። ከተማው አለቀሰ፣ አጨበጨበ። ሆራስ ምግብ አቆመ።

«ንገራቸው» እለዋለሁ።

«ነገ» ይለኛል።

ነገ ነገ ሲል የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። አንድ ነጥብ ነበር የሚያስፈልገን። እስከ ሰማንያ ስድስተኛው ደቂቃ አንድ ለባዶ ተመራን። ከዚያ አንዱ ተከላካያችን ኳሷን ፈርቶ ሲዞር ቂጡን መታችውና ገባች። የክሎውዴል ታሪክ በዚያ ልጅ ቂጥ ተጻፈ። አቻ አለቅን፣ አደግን፣ ሰው አጥሩን ዘሎ ሜዳውን ሞላው፣ የከተማው የሙዚቃ ባንድ ዜማውን አንቧረቀው። ሟች ያላቸውም የዳቦ ቢላዋ፣ አካፋ፣ የሕፃን ጋሪ ሳይቀር ይዘው ወረዱ።

ሆራስ ቆሞ ሣሩ እንደ ኬክ ሲቆረስ አየ። አልቻለም። ግን የጮኸው ስለ ሣሩ አይደለም። ወይዘሮ ክሌግ መሐል ሜዳ ተንበርክከው በኬክ ቢላዋ መሬቱን ይፍቃሉ። ሄዶ አጠገባቸው ተንበረከከ። እኔም ተከተልኩት።

«እመቤቴ፣ ይተዉት» አላቸው በሹክሹክታ። «እዚያ የሉም።»

«ምን አልክ?»

«አቶ ክሌግ እዚህ የሉም።»

«ጮክ በል አንተ፣ ድምፅህን አይጥ በላው?»

ሆራስ ትንፋሽ ሳበ። ልክ በዚያች ቅጽበት ባንዱ ዜማውን ጨርሶ ዝም አለ።

«ባልዎ ሩባርቡ ውስጥ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። «ሁሉም ሩባርቡ ውስጥ ናቸው! እኔ ነኝ የወሰድኳቸው!»

ስድስት ሺህ ሰው ዞረ። ቢላዋዎቹ ቆሙ። መክፋይል ቀስ ብሎ ጥርሱን አወለቀና ትኩር ብሎ አየው።

ወይዘሮ ክሌግ አሰቡ። «የኔሊ ሩባርብ?»

«አዎ።»

«ዛሬ ሁለት ቁራሽ በልቻለሁ።» ዞር ብለው አዩኝ። «ኔሊ፣ እሱ እኮ ስኳር ይወዳል። አሳንሰሽበታል።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ሁሉም ግን አልሳቀም። ሁለት ወንድሞቹ ሩባርቡ ውስጥ ያሉበት ሥጋ ሻጭ የሆራስን ቆብ አውልቆ ጭቃ ውስጥ ረገጠው። ሆራስ ቆቡን አላነሳም። አንዲት ልጅ በጋሪዋ ላይ የጫነችውን ሣር እግሩ ሥር ገልብጣበት ሄደች።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ሊያባርረው ነበር አሉ። ግን የአቶ ሆልሮይድ አባት ራሳቸው ሰባተኛው እንጨት ሥር ተገኙ፤ ልጃቸውም ዓመቱን ሙሉ ፓይ በልተዋል። ነገሩን ማራገብ አልፈለጉም። ሆራስ ቤቱንም ሥራውንም አላጣም። ከተማው ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰለትም፤ እስከ ዛሬ ሲያዩት መንገድ የሚሻገሩ አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰዎች በጋሪ መጡ። ሆራስ እያንዳንዱን ሥር ነቅሎ ከነእንጨቱ ያስረክባል። «ይቅርታ» ይላል ለያንዳንዱ። ሠላሳ ሦስቱ ወሰዱ። ያልተወሰዱትን ስምንቱን ራሱ ይንከባከባል። ክለባችን በዓመቱ ወደ ነበረበት አራተኛ ዲቪዚዮን ተመለሰ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሲድኒን ጓሮዬ ድረስ አምጥቶ የተከለልኝ ሆራስ ነው። እንጨቱን ግን እኔ ወሰድኩት። ያን ክረምት በማታ ትምህርት ቤት ስመዘገብ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

በዓመቱ የመጀመሪያውን አገዳ ቆርጬ ፓይ ጋገርኩና ሆራስን እሑድ ጠራሁት። ቁራሹን ፊቱ አደረግሁለት።

«ኔሊ፣ ሆዴ እኮ...»

«ብላ።»

አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ በመስኮቱ ጓሮውን አየ። ጎረሰ። ፊቱ ተጨማደደ።

«ይጎመዝዛል» አለ።

«ሲድኒ ነው» አልኩት። ከዚያ የስኳሩን ዕቃ ገፋ አድርጌ አስጠጋሁለት።