ደብሪቱ በሁዳዴ ለምን ቁርስ በላች

ደብሪቱ ሾላ ገበያ ውስጥ ጥራጥሬ ትሸጣለች። ምስር፣ የአተር ክክ፣ ሽሮ፣ ለቅንጬ የሚሆን ስንዴ፤ ከፊቷ የተደረደረው ጆንያ ሁሉ የምድር ፍሬ ነው። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ተጠግቷል፣ ቤቷ የካ ሚካኤል አካባቢ ነው፣ ጾም አጥባቂ ናት። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ሌላው ሰው የሚዘላቸውን ጭምር ትጾማለች። ስለዚህ ከዓመቱ ቀናት በሚበዙት ሥጋም ቅቤም በአፏ አይዞርም። እንዲያም ሆኖ ወፍራም ናት። ከዱካዋ የምትነሳው ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ "ወላዲተ አምላክ" ብላ ነው።

ታናሽ ወንድሟ አካሉ እስኪታመም ድረስ ውፍረቷ የማንም ጉዳይ አልነበረም። አካሉ ካራ የሚኖር ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እናታቸው ስታርፍ ገና ሕፃን ስለነበር ያሳደገችው ደብሪቱ ናት። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከደከሙ ወዲህ በሳምንት ሁለቴ ለእጥበት ሆስፒታል ይሄዳል፤ ከዚያ ሲወጣ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ሆኖ ነው። ደብሪቱ አንዱን ኩላሊቴን እሰጠዋለሁ አለች። ደሟ ከደሙ ተስማማ፣ ምርመራው ሁሉ ደህና ሆነ። ሚዛን ላይ ስትወጣ ግን ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ክብደት ቀዶ ጥገናው ለእሷም ያሰጋል፤ የሚቀራት አንድ ኩላሊትም ይህን ሰውነት ተሸክሞ ዕድሜ ልክ መሥራት ይከብደዋል። ቀንሰው ይምጡ አላት። የአካሉ ነገር እንግዲህ እሷ ወገብ ላይ ወደቀ።

ወደ ምግብ ባለሙያዋ ወደ ሃኒ ተላከች። ሃኒ ወጣት ናት፣ አነጋገሯ ፈጣን ነው። "እትዬ፣ ፕላንት ቤዝድ ዳይት እንጀምራለን፤ ከዕፅዋት ብቻ ይበላሉ ማለት ነው" አለቻት። ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ደብሪቱ በልቧ ሳቀች። "የኔ ልጅ፣ እሱንማ ለእኔ ተዪው" ብላ ወጣች።

ይህን ስህተት የጾም አገር ሰው ካልሆነ የሚሳሳተው የለም። የጾም ምግብ ሁሉ ያከሳል ብለን እናምናለን። በሁዳዴ አጋማሽ ተመልሳ ስትመዘን ግን ክብደቷ ጨምሮ ተገኘ። እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩ ሲፈቱት ደስ የሚል ስለሆነ፣ ሃኒ እንዳደረገችው እኛም አንድ ቀኗን ከጥዋቱ ጀምረን እንከተለው።

ጥዋት ቅዳሴ ታስቀድሳለች፣ ከዚያ በታክሲ ሾላ ትወርዳለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ተቀምጣ ትሸጣለች። ዘጠኝ ሲሆን መጀመሪያ ዳቦ በሻይ፤ ሻዩ ባዶ ሆድን ይይዛል ተብሎ ስኳር ይበዛበታል። ቀጥሎ በያይነቱ ይመጣል። በጾም ቅቤ ስለሌለ ወጡን የሚያጣፍጠው ዘይት ነው፣ ዘይት ሲጨመር ደግሞ እጅ አይሰስትም። ሽሮው ላይ ይንሳፈፋል፣ ጥቅል ጎመኑም ድንቹም የሚቁላላው በእሱ ነው። እንጀራው ወጡን ለመጨረስ ይጨመራል፤ ያ እንዳይተርፍ ደግሞ ወጥ ይጨመራል። ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ቤት፣ ማታ ፍርፍር፣ ከዚያ እንቅልፍ። ዘይት ደግሞ ከምንበላው ነገር ሁሉ ይልቅ ኃይል የታመቀበት ነው፤ ከኑግ ወይም ከሱፍ መጨመቁ አያቀለውም። ደብሪቱ አልዋሸችም፤ የበላችው ሁሉ ከዕፅዋት ነበር።

ሃኒ መድኃኒቱን ነገረቻት። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆኖ አንድ ጊዜ ከመሙላት ከፋፍሎ መብላት፤ ምሳ ላይ ጎመኑንና ምስሩን አብዝቶ እንጀራውን መቀነስ፣ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት፣ ወደ ቤት በእግር መመለስ፣ ጥዋት ደግሞ ዘይት የሌለው ቅንጬ ቁርስ መብላት። ደብሪቱ ሁሉንም ሰማች። በሁዳዴ ቁርስ የሚለው ላይ ግን ፊቷ ጠቆረ።

ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ዓምደ ሚካኤል ሄደች። "አባቴ፣ ለታመመ እንደሚፈቀድለት አውቃለሁ" አለቻቸው። "እኔ ግን ጤነኛ ነኝ።"

መምሬ ስለ ወንድሟ ያለችውን ሰምተው መስቀላቸውን አሳለሟት። ከዚያ፣ "ጾሙን አትሽሪም። ሰዓቱን ለወንድምሽ ስጪው፤ አንቺ ዘይቱንና ስኳሩን ጹሚ" አሏት።

ከዘጠኝ ሰዓቱ ይልቅ ይኼኛው እንደሚከብድ ያኔ አላወቀችም። ዘይት የሌለው ሽሮ እንደ አፈር ሆነባት። ስኳር የሌለው ሻይ ራሷን ይወቅራት ጀመር። ከሁሉም የባሰው ግን ሰው ፊት መብላቱ ነበር። ሱቋ በርም መጋረጃም የለውም። በአንድ ማኅበር ጽዋ የምትጠጣው ሙሉጌጥ በረፋዱ ስታልፍ ደብሪቱን ከነማንኪያዋ አገኘቻት።

"ደብሬ፣ ፋሲካ ለአንቺ ብቻ ቀድሞ ገባ?" አለቻት።

ደብሪቱ ቅንጬዋን መብላት ቀጠለች። ሳይሰጡት የሚያወሩት ስጦታ ውለታ መቁጠር ይመስላታል፤ ስለዚህ ስለ ኩላሊቱ ከንስሐ አባቷ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ጎኗ ቅመም የምትሸጠው ዘሙሩድ ናት የደረሰችላት። "ተያት እባክሽ። እኛስ ቀን ጾመን ውለን ማታ ሰንቡሳውን ስንደረድረው አይደል ለዒድ ቀሚስ የሚጠበን? የሆድ ነገር እንደምታስቢው አይደለም" ብላ ራሷ ቀድማ ሳቀች። ሙሉጌጥ ግን አልሳቀችም።

ወሬው ካራ ደረሰ። አካሉ ለመተንፈስ እየቆመ የእህቱ ቤት ድረስ መጣ። መምሬ ያሉትን ብትነግረውም ፊቱ አልተፈታም። "እኔን ብለሽ የበላሽውን ጾም ሆዴ ውስጥ ይዤ አልኖርም" አላት። "ቀነስሽም አልቀነስሽም አልቀበልም።" ሐኪሙ ደግሞ ሰጪም ተቀባይም ፊቱ ቁጭ ብለው ካልተስማሙ እንደማይጀምር ቀድሞ ነግሯቸዋል።

ደብሪቱ ይህን ሰምታ አልተወችም። ያላቆመችበትን ምክንያት ራሷም አጥርታ አትናገረውም፤ ምናልባት ሌላ የምታውቀው መንገድ ስላልነበራት ይሆናል። ፋሲካ ሲመጣ ሁሉም ሲገድፍ እሷ ጎመኗን ይዛ ቀረች። ክረምት ሲገባ ከሾላ የካ ሚካኤል ያለውን መንገድ በጭቃ ወጣችው፤ አንድ ጥላ፣ አንድ የታመመ ጉልበት፣ ከእንጦጦ በኩል የሚወርድ ብርድ። መጀመሪያ እያረፈች፣ በኋላ ሳታርፍ። ሚዛኑ አንድ ወር ይወርዳል፣ አንድ ወር ንቅንቅ አይልም። ሃኒ ሰውነት ሲጎድልበት ቆጥቦ መኖር እንደሚለምድ፣ ስለዚህ መቆሙ የደንብ መሆኑን በፈገግታ ታስረዳታለች፤ ደብሪቱ ማብራሪያውን ወድዳው ደክሟት ትመለሳለች። ገበያው ደግሞ በሌላ ወገን ጀመራት። ከሳሽ፣ ምን ነካሽ፣ ተመረመርሽ ወይ ይሏታል። በእኛ ዘንድ ክሳት መልካም ዜና ሆኖ አያውቅም።

ጥቅምት ላይ ሐኪሙ ሚዛኑን ሁለቴ አይቶ፣ "በቂ ነው፤ ወንድምዎ ይግባና እንነጋገር" አላት።

አካሉ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ከእጥበት ወጥቶ ግድግዳ ተደግፏል። አጠገቡ ተቀመጠች። በአግዳሚው ላይ የያዘችው ቦታ ትንሽ መሆኑን ያየ አልመሰለም።

"ደረሰ?" አላት።

"ደረሰ።"

"የነገርኩሽ ነገር አለ እኮ።"

"ነግረኸኛል። አካሉ፣ ደክሞኛል። ኃጢአት ከሆነ የእኔ ነው። አንተን ለመለመን የተረፈኝ ጉልበት የለም፤ እምቢ የምትል ከሆነ ገብተህ ራስህ ንገረው።"

አካሉ እጁን ዳሰሰ። መርፌው የገባበት በፋሻ ተጠቅልሏል።

"ብትሞቺስ?" አለ ቀስ ብሎ። የጾሙ ነገር ይህን ሲሸፍን የከረመ መሆኑ ለደብሪቱ ያኔ ገባት።

"እንዳልሞት ነዋ የከሳሁት" አለችው።

ግድግዳውን ይዞ ተነሳ፣ ትንፋሹን ጠበቀ፣ ወደ ተደረደሩት በሮች ተመለከተ።

"የትኛው ነው ክፍሉ?"

ጠቆመችው። እሱ ቀድሞ ሄደ። ደብሪቱ ጉልበቷ እስኪታዘዝላት ጥቂት ቆይታ ተከተለችው።