የሕፃናት ማቆያ ልከፍት ስል ከነቁጣዬ የተቀበለኝ ጌታ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልመስክር ብዬ የተነሣሁት ደስ ብሎኝ ብቻ አይደለም፤ ተናድጄም ነው። ሽማግሌዎች ይቅር ይበሉኝና፣ ንዴቱን ትቼ ምስጋናውን ብቻ ብናገር ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል። ጌታ ያገኘኝ እዚያው ንዴቴ ውስጥ ነውና።

የተወለድኩት ብቸና ነው። አባቴ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እኔ ነርስ ሆኜ እዚህ ሞጣ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። እጾማለሁ፣ በዓል አከብራለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ጉዳይ ያለው አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን ጥሩዬ የምትባል፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። ልጁ አቤል ገና ድክ ድክ የሚል ነው። እጁ ተቃጥሏል። የሚይዝላት ሰው ስለሌላት፣ መንገድ ወጥቶ መኪና እንዳይገጨው ብላ እግሩን ከአልጋው ጋር በመቀነቷ አስራው ነበር ገበያ የወጣችው። መቀነቱ ግን ከሰል ማንደጃው ድረስ ያደርስ ነበር።

ሐኪሙ፣ «ይቺ ሴት በሕግ መጠየቅ አለባት» አለ።

ጥሩዬ ቀና ብላ፣ «ጠይቁኝ። ግን ነገ የት ላስቀምጠው? እሱንም ንገሩኝ» አለችው።

የልጁን እጅ በፋሻ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ሁለት ጣቶቹ አይዘረጉም። ያን ዕለት ነው የሕፃናት ማቆያ እከፍታለሁ ብዬ የወሰንኩት። ቤት ተከራየሁ፤ ፈቃድ ፍለጋም ወጣሁ።

ወገኖቼ፣ መሥሪያ ቤቱን በስም አልጠራም። አንዱ ቢሮ «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ይልና ወደ ሌላው ይልከኛል፤ ሌላው «መመሪያ አልወረደም» ይልና ይመልሰኛል። አጥሩ ይጠናከር አሉ፣ አጠናከርኩ። ሽንት ቤቱ ለልጆች ዝቅ ይበል አሉ፣ አሠራሁ። ከዚያ መጥቶ የሚያይልኝ ጠፋ። ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ መኪና የለም፣ ሲስተም ተቋርጧል። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ለምን ራስሽን ታደክሚያለሽ? ግሮሰሪ ብትከፍቺ ኖሮ እኮ እስካሁን ጨርሰንልሽ ነበር።»

መጠጥ ቤት ቶሎ ይፈቀዳል፤ ሕፃን የሚውልበት ቤት ለማስፈቀድ ግን መከራ ነው። ያን ቀን ደሜ ፈላ። እንቅልፍ አጣሁ፣ እህል አስጠላኝ።

እዚያ ኋላ የተቀመጠችውን ደስታን ታውቋታላችሁ። ከሆሳዕና የመጣች አዋላጅ ናት፤ አብረን ነው የምንሠራው። ስለ እምነቷ አንድ ቀን እንኳ ነዝንዛኝ አታውቅም። ከሥራ ስንወጣ ቤቷ ወሰደችኝ፣ ምግብ አቀረበችልኝ፣ አልበላም አልኳት። «እግዚአብሔር ካለ ይህን እያየ ለምን ዝም ይላል?» ብዬ ጮህኩባት።

አልተከራከረችኝም። «ልጸልይልሽ?» አለችኝ። እሺ ስላት ጀመረች፦ «ጌታ ሆይ፣ ቁጣዋን አትውሰድባት፤ ያንተም ነውና። ብቻዋን ግን እንዳትሸከመው አድርግ።»

ወገኖቼ፣ ተረጋጊ የሚለኝ ሰው ብዙ ነበር፤ እንዲህ ብሎ የጸለየልኝ ግን አልነበረም። ከዚያ ሕፃናትን ከእሱ ያባረሩትን ደቀ መዛሙርት ጌታ እንዴት እንደተቆጣቸው ነገረችኝ። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ መቆጣቱን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። አለቀስኩ። «እንግዲያው እኔም ያንተ ነኝ» አልኩት። ስሙ ይባረክ፤ ያን ቀን በላሁ፣ ተኛሁም።

ነገሩ ግን በዚህ አልቀለለም፤ ባሰበት። ጌታን መቀበሌ ሲሰማ ኃላፊው ሰበብ አገኘ። «ለካስ ሃይማኖት ልታስተምሪበት ኖሯል» ብሎ ፋይሌን ዘጋው። አባቴም ሰሙና ስልኬን ማንሳት ተዉ። ጌታን አግኝቼ አባቴን አጣሁ ብዬ አነባሁ።

አንድ ጠዋት አባቴ ደወሉ። ሰላምታ እንኳ የለም። «ቢሮው በየት በኩል ነው?» አሉኝ። ወንድሜ ሁሉን ነግሯቸው ከብቸና በአውቶቡስ መጥተዋል። ሮጬ ደረስኩ። ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ ኃላፊው ፊት ቆመዋል።

«ይቀመጡ የኔታ» አላቸው።

«አልቀመጥም። ልጄ ከእናት ቤተ ክርስቲያኗ ወጥታብኛለች። ኀዘኑ የእኔ ነው፤ አንተ አትዘንልኝ። አንተ እዚህ የተቀመጥከው አጥሩ ይጸናል ወይ፣ ውኃው ንጹሕ ነው ወይ ብለህ ልትጠይቅ ነው።»

«የኔታ፣ እኛ እኮ በመመሪያው መሠረት...»

«መመሪያው ሃይማኖቷን መርምር ይላል? እስቲ አንብብልኝ።»

ኃላፊው የዘጋውን ፋይሌን መልሶ ከፈተው። በዚያው ሳምንት የቢሮው ሰዎች መጥተው ቤቱን አዩ፤ ፈቃዱም ተሰጠኝ።

አባቴ ቤቴ አልገቡም፤ ምሳዬንም አልቀመሱም። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። «ላንቺ ብዬ አይደለም የመጣሁ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስስም ግን እጃቸውን ራሴ ላይ ጥቂት አቆዩት። ስለ እሳቸው ጸልዩልኝ።

ዛሬ የቄሱም፣ የሼሁም፣ የእናንተም ልጆች አንድ ላይ ይውላሉ። ጌታዬን አመሰግነዋለሁ። ግን አሁንም ያንገበግበኛል፤ ሕግ የፈቀደላትን ለማግኘት ጥምጥም የጠመጠመ አባት የሌላት ሴት ምን ትሁን? ይህን ስናገር ምስጋናዬን ያጎደልኩ አይምሰላችሁ።

ዛሬ እዚህ መካከል በአንድ ነገር ተቃጥላችሁ የመጣችሁ አላችሁ። መጀመሪያ ልብርድ፣ ከዚያ ወደ ጌታ እቀርባለሁ አትበሉ። እኔ ሳልበርድ ነው የሄድኩት፤ አልመለሰኝም። እንደተናደዳችሁ ኑ፣ ያደረጉባችሁን ሁሉ ንገሩት። ሰምቶ የሚገፋችሁ አምላክ አይደለም።