የሻምበል አውሮፕላን መስታወት

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መነሣት።
ምድጃው መጥፋቱን፣ በሩ መቆለፉን ሁለት ሁለት ጊዜ ማየት።
በሁለት ሰዓት ክሊኒክ መግባት፤ የተወሰደውን የድድ ልክ በጄሶ መሙላት።
ጥርስ መደርደር፣ መሞረድ፣ ቀለሙን ከባለቤቱ ጥርስ ጋር ማመሳሰል።
በአሥራ አንድ ሰዓት ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል መክፈት።
የአውሮፕላኖቹን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት፤ ቆጥሮ መቆለፍ።
ቁልፉ ኪስ ውስጥ መኖሩን በየመንገዱ መዳሰስ።
ቤት መግባት። የቀረ ነገር ካለ ማሰብ። መተኛት።

ጥርስ ሠሪው ይህን ሥርዓት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት አንዲት ቀን ሳያዛንፍ ጠብቋል። ሥርዓት ወዳድ ስለ ነበረ አይደለም፤ ፈሪ ስለ ነበረ ነው። ፍርሃቱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱም አይክድም። ሚስቱ፣ «አንተ እኮ ጥላህ ቢቀድምህ መንገድ ትለቅለታለህ» ትለዋለች። በልጅነቱ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባ ነበር። ካደገ በኋላ ግን በጦርነት ዘመን ይበሩ የነበሩትን አውሮፕላኖች በትንሽ በትንሹ ከፕላስቲክ እየገጣጠመ፣ ቀለም እየቀባ ማቆም ጀመረ። ምክንያቱን ለሚጠይቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ «መዳፌ ላይ የሚያርፍ ነገር አያስፈራኝም።»

በዚህ ሥራ ብቻውን አልነበረም። ፎቶ አንሺው ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ራሱን ጨምሮ ለስድስት ሰዎች ለቆላቸው፣ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ክፍሏ ቀለም ቀለም፣ ቲነር ቲነር ትሸታለች። ያረጁ የፎቶ መጋረጃዎች ተጠቅልለው ግድግዳ ተደግፈዋል። በጥጉ በኩል ባለው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ሠላሳ አንድ አውሮፕላኖች በየመደርደሪያቸው አፍንጫቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተሰልፈዋል። ቁልፉን ለጥርስ ሠሪው ያስረከበው ፎቶ አንሺው ራሱ ነው። «ጀግና ዘበኛ ይተኛል፤ ፈሪ ግን እንቅልፍ የለውም» ብሎ ነበር የመረጠው።

ማኅበሩ የነበረው ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ የሰበረ ይሠራል። የሌላውን ሰው አውሮፕላን ያበላሸ፣ በይቅርታም ሆነ በገንዘብ አይታለፍም። ያንኑ ዓይነት፣ በዚያው ልክ፣ በገዛ እጁ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ይሠራል። ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ ያያል። ባለቤቱ «በቃኝ» እስኪል ድረስ ሰውየው ባለዕዳ ነው።

ከስድስቱ ሰዎች ጥርስ ሠሪው አብልጦ የሚፈራው ሻምበልን ነበር። ሻምበል በወጣትነቱ አብራሪ የነበረ፣ ሰባውን ያለፈ፣ ደህና ዋላችሁ ሲል እንኳ ትእዛዝ የሚሰጥ የሚመስል ሽማግሌ ነው። ሲቆጣ ጥርሱን ያፋጫል። ጥርሱን የሠራለት ደግሞ ጥርስ ሠሪው ራሱ ነበርና፣ ፎቶ አንሺው፣ «በገዛ ሥራው የሚንቀጠቀጥ ባለሙያ አንተን አየሁ» እያለ ያሾፍበታል።

የሻምበል አውሮፕላን ባለሁለት ሞተር ቦምብ ጣይ ናት። ከእውነተኛዋ አርባ ስምንት ጊዜ ታንሳለች። አፍንጫዋ በሙሉ መስታወት ነው፤ መስታወቱን አሥራ ዘጠኝ ቀጫጭን ክፈፎች ይከፋፍሉታል። በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ወንበሮች፣ አንድ መሪና የጥፍር ስባሪ የምታክል የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ይታያሉ። ሻምበል ይህችን አውሮፕላን በአጉሊ መነጽር ሁለት ዓመት ሠርቶ ሲጨርስ ዓይኑ መድከም ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አልሠራም። ሐኪሙ ብርሃኑ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ እንደሚሄድ ነግሮታል። ልጁ ደግሞ፣ «አባዬ፣ ማየት ያቃተህ ቀን ቤቱን ዘግተህ እኔ ዘንድ ትመጣለህ» ብላ አስምላዋለች። ልጁ የምትኖረው ሩቅ ከተማ ነው። ስለዚህ ሻምበል በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ አውሮፕላኗን አውጥቶ መብራት ሥር ይይዝና በመስታወቷ ወደ ውስጥ ይመለከታል። «መሪዋን እስካየሁ ድረስ ከቤቴ ንቅንቅ የለም» ይላል።

የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ማምሻውን፣ ጥርስ ሠሪው የሻምበልን አውሮፕላን በግራ እጁ ይዞ አቧራዋን ሲያነሣ፣ እውነተኛ አውሮፕላን ጣሪያውን ሊነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ አለፈ። የመስኮቱ መስታወት ተርገፈገፈ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰውዬ አልጋ ሥር ሊገባ እንደ ፈለገ ሁሉ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል የአውሮፕላኗ የቀኝ ጎማ ከነእግሩ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር።

ጉዳቱ ትንሽ ነው። በተራው የፕላስቲክ ሙጫ ተጣብቆ፣ አንድ ሌሊት ከቁም ሣጥኑ ውጭ ቢያድር ይድናል። ቅዳሜም ለባለቤቱ ቢነገር፣ ከአንድ ቁጣ አያልፍም። ግን ቁጣው ነው የታየው፤ ያ የጥርስ መፋጨት ከወዲሁ ጆሮው ውስጥ ገባ።  ማንም ሳይመጣ ልጨርስ ብሎ ቶሎ የሚይዘውን ሙጫ፣ ሱፐር ግሉውን፣ አነሣ፤ ሁለት ጠብታ አደረገ፤ እግሩን እስከ አሥር ቆጥሮ ያዘው፤ አውሮፕላኗን ወደ ቦታዋ መልሶ ቁም ሣጥኑን ቆለፈ።

ለአዲስ ገቢ ሁሉ «ሱፐር ግሉ መስታወት ያለበት ነገር አጠገብ አይድረስ፤ ትነቱ መስታወት ያነጣል፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥማ ወዮላችሁ» እያለ የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነበር። ፍርሃት ግን መጀመሪያ የሚሰርቀው ዕውቀትን ነው።

ሐሙስ አመሻሽ ቁም ሣጥኑን ከፈተ። የቦምብ ጣይዋ አፍንጫ እንደ ወተት ነጥቷል። ወንበሮቹ የሉም፤ መሪው የለም። በጨርቅ ጠረገው፤ አልለቀቀም። በጥጥ ቲነር አስነክቶ ሞከረ፤ ሻምበል ከቀባቸው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ክፈፎች ሦስቱ ከጥጡ ጋር ተነሡ፤ ንጣቱ ግን ካለበት አልተነቃነቀም፤ በውስጥ በኩል ነበርና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን አፍሶ የሚለቅመውንም አጣ።

ዓርብ እራት ላይ ሚስቱ ሳህኑን አየችው፤ እንደ ቀረበ ነው።

«ምን ሆነሃል? ክሊኒክ የሰው ጥርስ ዋጥህ?»

ነገራት። አንድም ሳያስቀር ነገራት። እሷም አንድም ሳትስቅ ሰማች።

«ታዲያ ነገ ንገረዋ።»

«ከማኅበሩ ያስወጣኛል።»

«ሕጋችሁ የሰበረ ይሠራል አይደል የሚለው? የሰበረ ይባረራል ይላል እንዴ?»

«የሰበረ ነው የሚለው። እኔ ሰብሬ ደብቄያለሁ። ስለ ደበቀ ሰው ሕጉ ምንም አይልም። ያቺ ጠረጴዛ ደግሞ... እኔ የማልፈራባት ቦታ እሷ ብቻ ናት።»

«አሁንስ እየፈራህባት አይደለም?» አለችው፤ ሳህኑንም አነሣችበት።

ቅዳሜ ማልዶ ወደ ፎቶ አንሺው ሄዶ አውሮፕላኗን አሳየው። ፎቶ አንሺው ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ማብረድ የሚወድ ሰው ነው። አገላብጦ አያት።

«ስማኝ ወንድሜ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሻምበል እንደ ሆነ ዓለም ሁሉ ጉም ሆኖበታል። እዚህ ላይ ያለውን ጉም ከራሱ ጉም ምን ይለየዋል? ዝም በል። ማንም አይነግረውም።»

ጥርስ ሠሪው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነው። ይህም ሊደበቅ አይገባም። እፎይታው ግን የክፍሏን በር ሳይሻገር ከዳው፤ በምትኩ ስሙን የማያውቀው ሌላ ፍርሃት ገባ። ከሰዓት በኋላ ስድስቱም በየቦታቸው ተቀመጡ።

ሻምበል ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ። «ክፈት» አለ። ጥርስ ሠሪው ከፈተ። ሽማግሌው አውሮፕላኗን በሁለት እጁ አውጥቶ መብራት ሥር ተቀመጠ፤ ወደ ዓይኑም አስጠጋት። አራቃት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገና አደረገ፤ መልሶ አስጠጋት። መብራቱን በእጁ ስቦ ወደ ታች አወረደ።

 ፎቶ አንሺው አንገቱን ደፍቶ የያዘውን ክንፍ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍግ ነበር።

ሻምበል አውሮፕላኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጥርሱን አላፋጨም። ጥርስ ሠሪው በዚያ ፊት ላይ አይቶት የማያውቀውን ነገር አየ፤ በየቀኑ በራሱ መስታወት ውስጥ የሚያየው ስለ ነበረም ወዲያው ለየው። ሻምበል ፈርቷል።

«እንግዲህ ይኸው ነው» አለ ሽማግሌው፤ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። «ዛሬ ማታ ለልጄ ልደውልላት። ትምጣና ቤቱን እንዝጋ።»

ጥርስ ሠሪው ተነሣ።   

«ሻምበል... ዓይንዎ አይደለም።»

«ምን?»

«ዓይንዎ ደኅና ነው። መስታወቱ ነው የነጣው። እኔ ነኝ ያነጣሁት። ረቡዕ ዕለት ጎማዋን ሰበርኩ፤ በሱፐር ግሉ አጣብቄ ቆለፍኩባት። ሐሙስ ደግሞ ላጸዳ ብዬ ክፈፎቹን አነሣሁ። ልደብቅዎ ነበር።»

ሻምበል አውሮፕላኗን ወደ ጎን ገፋት። ከዚያ፣ «ሌላ አምጣ» አለ።

ጥርስ ሠሪው ከቁም ሣጥኑ የራሱን አንዲት ባለአንድ ሞተር ተዋጊ አወጣና አቀበለው። ሽማግሌው መብራት ሥር ያዛት። ቀስ ብሎ ተነፈሰ።

«ወንበር» አለ። «የወንበሩም ቀበቶ።» አውሮፕላኗን አስቀመጠ። ወዲያው ጥርሱ ተፋጨ፤ ድምፁም ወደ ቦታው ተመለሰ። «አንተ ሰው! እኔን ከቤቴ ልታስወጣኝ ነበር!»

«አዎ፣ ሻምበል።»

«ሌባ ብትሆን በር እዘጋብህ ነበር። ፈሪ ነህ። ለፈሪ ምን ይዘጋለታል? በሩን ራሱ ዘግቶ ነው የሚኖረው።» ወደ ፎቶ አንሺው ዞረ። «አንተም ታውቅ ነበር፤ አንገትህ ይመሰክራል።»

ፎቶ አንሺው፣ «ነገር እንዳይከር ብዬ ነው» አለ።

«ዝም በል፤ ክንፍህን ፈግፍግ።» ከዚያ ወደ ጥርስ ሠሪው ተመለሰ። «ሕጉን ታውቃለህ?»

«የሰበረ ይሠራል።»

«ቁጭ በል እንግዲህ።»

ያንኑ አውሮፕላን ከአዲስ ፕላስቲክ ደግሞ መሥራቱ አሥራ አንድ ቅዳሜ ፈጀ። ሻምበል በአሥራ አንዱም በቀኙ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ያላየለትን ጣቱ ያይለታል፤ የክንፎቹን መጋጠሚያ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ «እዚህ ጋ ስፌት አለ፤ አፍርሰው» ይላል፤ ሁለት ጊዜም አስፈርሶታል። የሆዷን ሰማያዊ፣ «ይህ የሰማይ ነው ወይስ የመታጠቢያ ቤት?» ብሎ አስለወጠው። ጥርስ ሠሪው በየቅዳሜው ሲመጣ እየፈራ፣ ሲሠራ እየፈራ፣ ሲሄድ ደክሞት ይሄድ ነበር። ግን ይመጣል። በስድስተኛው ቅዳሜ፣ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳውን በአንዲት የብሩሽ ጸጉር ሲቀባ እጁ አልታዘዝ አለው።

«ምንድን ነው ይህን ያህል የምትፈራው?» አለ ሻምበል፤ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ቀስ ብሎ።

«እርስዎን።»

«እኔ እበላሃለሁ?»

«ጥርሱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መንከሱን አውቃለሁ።»

ሽማግሌው ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ሳሉ ሲበርድለት፣ «እኔም እዚያ ላይ ሆኜ እፈራ ነበር» አለ። «ሁልጊዜ። ስትፈራ ትንፋሽህን አትያዝ፤ አውጣው፤ ካወጣህ በኋላ እጅህን አንቀሳቅስ።» ጥርስ ሠሪው ትንፋሹን አወጣና ብሩሹን አንቀሳቀሰ። ፍርሃቱ አልሄደም፤ እጁ ግን ታዘዘ።

መስታወቱን ያጣበቀው በኮላ ነው፤ ኮላ አያነጣም። እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ጠበቁት። አሥራ ዘጠኙን ክፈፎች ሁለት ቅዳሜ ቀባ።

በአሥራ አንደኛው ቅዳሜ ሻምበል አውሮፕላኗን ተቀብሎ መብራት ሥር ያዛት። አስጠጋት። አራቃት። መነጽሩን ጠረገ። ሌሎቹም ሥራቸውን አቁመዋል። የጥርስ ሠሪው ልብ እንደ ረቡዕ ዕለቱ መስኮት ይርገፈገፍ ነበር፤ አሁን የሚፈራው ግን ቁጣውን አልነበረም። በእነዚያ አሥራ አንድ ሳምንታት ውስጥ ብርሃኑ እውነት ከመሐል ደርሶ ቢሆንስ? አሁን «አላይም» ቢል፣ በማን ይመካኛል?

«ሁለት ወንበር» አለ ሻምበል። «መሪ።» ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ሰሌዳው ላይ፣ በግራ በኩል፣ ቀይ ነጥብ አለች። ይህቺ ከየት መጣች?»

ጥርስ ሠሪው አጉሊ መነጽሩን አንሥቶ ጎንበስ አለ። እውነትም ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰች ቀይ ነጥብ ነበረች፤ ከብሩሹ ሳያውቀው ያመለጠች። እሱ ራሱ አላያትም ነበር።

«የእርስዎ ላይ አልነበረችም» አለ። «ስሕተት ናት። መስታወቱን አንሥቼ ልደግመው።»

«አታንሣ» አለ ሻምበል። አውሮፕላኗን ራሱ ይዞ ተነሣ፤ ራሱ ከቁም ሣጥኑ አስገባት፤ አፍንጫዋንም ወደ መስኮቱ አዞረ። «በቃኝ።»

በዚህም የጥርስ ሠሪው ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።